በእኔ ስም የተንበረከከው ሰው

የከተማዋን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም። በእኛ ዘንድ የከተማን ስም በከንቱ ማንሳት በደል ነው፤ በደል ሲፈጸም ደግሞ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይላካል። የሚላከውን ሰው አውቀዋለሁ፣ ደክሞታል። ስለዚህ እንዲሁ ከተማ እያልን እንለፋት።

እኔ ተገኔ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት በይቅርታ ቤት ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። አንዱ ጎረቤቱን ይሰድባል፣ ሌላው አጥር ይገፋል፣ ሌላው ለቅሶ ሳይደርስ ይቀራል። ድሮ በዳዩ ራሱ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከተበዳዩ ደጅ ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» ይል ነበር አሉ። እያደር ሰው ሁሉ ሥራ በዛበትና ጊዜ አጣ። እናም በዳዮች ቅጽ ሞልተው ሲያስገቡ በእነሱ ምትክ የሚንበረከክ ቤት ተቋቋመ። ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» እስኪል ድረስ ድንጋዩ ከትከሻችን አይወርድም። ሕጉ ይኸው ነው።

አንድ ተጨማሪ ግዴታ ነበረብን፤ ከልብ ማዘን። የአፍ ይቅርታ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ የጸጸት አዛዡ በየማለዳው አሰልፎ ዓይን ዓይናችንን ያየናል። «ይሄ አዝኗል። ይሄም አዝኗል። አንተ ትንሽ ጨምር» እያለ ሰልፉን ይጨርሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ጉንፋን የያዘው ተሸካሚ ሁሉ በጣም ያዘነ እየመሰለው ያመሰግነው ነበር፣ ጥፋቱ ይቺ ብቻ ናት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነቴን አዝን ነበር። አንዴ በቅሎው የተሰደበችበት ሽማግሌ ዘንድ ተልኬ ሰውየው ስለ በቅሎዋ ሲያወራልኝ አንጀቴን በላውና አለቀስኩ፤ በመጨረሻ እሱ ነው እኔን አባብሎ የሸኘኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ድንጋዩን በር ላይ ጥዬ፣ ለባለቤቴ ለአስካለ የዋልኩበትን ሁሉ አጫውታት ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ይህን ለወግ ያህል የምለው አይደለም።

ያኔ በቀን አራት ቤት ነበር የምንደርሰው። የከተማው ሰው ግን ይቅርታ በቅጽ እንደሚያልቅ ሲያይ መበደልን አመል አደረገው። አራቱ ዘጠኝ ሆነ፣ ዘጠኙ አሥራ አራት። ቀጥሎ ቅድሚያ ይቅርታ የሚባል ነገር መጣ። ሐሙስ ሠርግ ላይ አማቱን ሊያዋርድ ያሰበ ሰው ረቡዕ እኛን ይልካል። ቀጥሎ ደግሞ ማንም ላልበደለው በደል ይቅርታ መጠየቅ ተጀመረ። ዝናብ የዘገየ ዓመት እኔና ቢሻው ሠላሳ ሰባት ገበሬ ዘንድ እየዞርን ደመናን ወክለን ተንበርክከናል። ቢሻው በሰልፉ ከጎኔ የሚቆም ባልደረባዬ ነው፤ ሲያፏጭ ውሎ ሲያፏጭ የሚያመሽ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ፉጨቱን ተወ። ለምን እንደተወ አልጠየቅሁትም፣ እኔም ጊዜ አልነበረኝም።

«ደከመኝ» ማለት አልተከለከለም። የሚለው ሰው ግን አልነበረም። እንዲያውም ቤታችን በየዓመቱ የዓመቱ ጎባጣ የሚባል ሽልማት ይሰጣል። ከግንባር እስከ ጉልበት በገመድ እየለኩ ገመዱ ያጠረለት ያሸንፋል። እኔ ሁለት ዓመት አከታትዬ አሸንፌያለሁ። ሽልማቱ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የተጠረበ ድንጋይ ነው። ከዚህ ሌላ በዓመት አንድ የእረፍት ቀን አለን። በዚያ ቀን ድንጋያችንን እንደተሸከምን ግቢው ውስጥ ቆመን፣ አዛዡ ስለ እረፍት ጥቅም ለአራት ሰዓት ያህል ንግግር ያደርግልናል። ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ብዙ የደከመበት መሆኑ ያስታውቃል።

ድንጋዩን ማውረድ መቼ እንደተውኩ በትክክል አላስታውስም። በተንኮል አልነበረም። ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ሃምሳ እርምጃ ከሆነ ማውረድና ማንሳት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነው። እየቆየ ምሳዬን ተሸክሜ መብላት ጀመርኩ። ከዚያ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። አስካለ የመጀመሪያ ቀን ድንጋዩን አየት አድርጋ ራት አቀረበች። ሳምንት ሲሞላ ትራሱን ወደ ግራ ገፋ አደረገችና ለድንጋዩ ቦታ ሠራችለት።

እንቅልፍ እተኛለሁ፣ ስነሳ እንደተኛሁት ነኝ። የምበላው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። የምንበረከክላቸውን ሰዎች መጥላት ጀመርኩ። አንዲት ሴት ዶሮዋ ተመትታ ስታለቅስ አንገቴን ደፍቼ «ለዚህች ዶሮ ነው ይሄ ሁሉ?» እላለሁ በሆዴ። በአፌ ግን የቤቱን ቃል አልስትም፤ «በደረሰው ነገር ቤቱ ከልብ ያዝናል፤ ይህ ሐዘን በሌላ ሐዘን አይተካም» እላለሁ። በማለዳው ሰልፍ አዛዡ ዓይኔን አይቶ ያልፈኛል። ዓይኔ የቀላው በእንቅልፍ እጦት መሆኑን እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

በዚህ መካከል እማማ በለጡ ቤት ተላክሁ። እማማ በለጡ ወጌሻ ናቸው፤ የከተማውን ውልቃትና ስብራት ሲያሹና ሲጠግኑ አርባ ዓመት ኖረዋል። በዳያቸው እግሩን ያዳኑለት ሰው ነው፤ በዚያው ባዳኑት እግር አጠገባቸው ሲያልፍ ሰላም አላላቸውም። ደጃቸው ተንበረከክሁና፣

«እማማ፣ በሬው ሽንኩርትዎን ስለረገጠ ቤቱ ከልብ ያዝናል» አልኳቸው።

«ሽንኩርት የለኝም ልጄ» አሉ።

ወረቀቴን አየሁ። ሽንኩርቱ የጎረቤታቸው ነው። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ያን ቀን ግን ሳላፍር ወረቀቱን ገልብጬ ትክክለኛውን በደል አነበብኩላቸው። እሳቸው ሰሙኝና «ይሁን፣ ይቅር ብያለሁ። አውርድ» አሉ። እኔ ከነድንጋዬ ተነሳሁ።

«አውርድ አልኩህ እኮ።»

«ቀጣዩ ቤት ቅርብ ነው እማማ። ማውረድና ማንሳት ጊዜ ይፈጃል።»

ቀረብ አሉና በሁለት ጣታቸው ትከሻዬን ጫን ጫን አደረጉት። እንደ ሰው ሥጋ ሳይሆን እንደ ግንድ ሆኖባቸው መሰለኝ ፊታቸውን ኮሶ አስመሰሉት።

«ስትተኛ ድካሙ ይለቅሃል?» አሉኝ።

«አይለቀኝም።»

«ከሳቅክ ስንት ጊዜህ ነው?»

ሥራ አለብኝ አልኳቸው።

«ስማኝ ልጄ። ሰው ሲደክመው ይተኛል፣ ሲነሳ ይለቀዋል። ተኝተህ ተነስተህ ካለቀቀህ እሱን ድካም ብለህ አትናቀው። የሚያክምህ ሰው ዘንድ ሂድ። እኔም እዚሁ አለሁ፣ ነገ ብቅ በል።»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድሁ። የሁለት ዓመት ጎባጣ ነኝ፤ እንዴት አንዲት ወጌሻ ታመሃል ትለኛለች? የእሳቸውን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ሽንኩርቱ ቤት ሄድኩ።

ወር ሳይሞላ ደምሰው ሞተ። ደምሰው የአስካለ ብቸኛ ወንድም ነው። በየእሑዱ ቤታችን እየመጣ እኔን በገበጣ ሲያሸንፈኝ፣ እያጭበረበረ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን ዝም እንለው ነበር። እወደው ነበር። መርዶውን የሰማሁት መንገድ ላይ ነው፤ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስንት ቤት እንደሚያመልጠኝ ነው። ለቅሶው ቤት ደረስኩ፣ ሕዝቡን አልፌ አስካለ ፊት ቆምኩ። ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ስከፍት የወጣው፣

«በደረሰው ነገር ቤቱ ከልብ ያዝናል፤ ይህ ሐዘን በሌላ ሐዘን አይተካም» የሚለው ነው።

አስካለ አሁንም ታየኛለች። እኔ ፀሐይዋን አየሁ፤ አምስት ቤት ይቀረኝ ነበር። ወጥቼ ሄድኩ።

መበደሌን አውቄያለሁ። ማወቁ ነበረኝ፤ የጠፋብኝ ማዘኑ ነበር። ደረቴን ብደበድበው ምንም የሚወጣ ነገር የለም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ፤ አስካለ ወጥ ታቀርባለች፣ እኔ እበላለሁ። ይህ ነገር መስተካከል አለበት ብዬ የማውቀውን አደረግሁ። ቢሮ ገብቼ ቅጽ ሞላሁ። በዳይ፦ ተገኔ። ተበዳይ፦ አስካለ፣ የተገኔ ባለቤት። የበደሉ ዓይነት፦ ወንድሟ ሲሞት አለማዘን። ፈርሜ አስገባሁና ቀለል ሲለኝ ጊዜ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ቅጹን ባስገባሁ በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ስሻገር በሰፈራችን አለፍኩ። ደጃፌ ላይ አንድ ሰው ተንበርክኳል። ቢሻው ነው።

«ቢሻው፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ይቅርታ እየጠየቅሁ ነዋ።»

«ማንን ወክለህ?»

«አንተን» አለኝ። «ሦስተኛ ቀኔ ነው። ወይ ይቅር አላለችኝ፣ ወይ አላባረረችኝ። እስቲ አንተ ባሏ ነህ፣ አንድ ነገር በላት።»

ከጉልበቱ ሥር አስካለ ትራስ አድርጋለታለች፤ አጠገቡ በልቶ የጨረሰበት ሳህን ተቀምጧል። በእኔ ስም ሚስቴ ፊት የተንበረከከውን ሰው ስታይ ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ በትራሱ ቀናሁ። ከዚያ ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

አስካለ ከቤት ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከጀርባዋ፣ መደቡ ላይ፣ ታስሮ የተፈታ ጓዝ አየሁ።

«ቅጹን የሞላኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እዚሁ ቤት ነው የምታድረው። ለምን ራስህ አልነገርከኝም?»

«አሥራ አራት ቤት አለብኝ አስካለ። አንቺን አሥራ አምስተኛ ላደርግሽ አልፈለግሁም።»

ይህን ስናገር አክብሬያት ነበር የመሰለኝ። እሷ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ቢሻውን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«እኔ ይቅርታ አላነሰኝም» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ሲደረደርልኝ ሰነበተ። ያነሰኝ ባል ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ ዘንድ ልሄድ ጓዜን አስሬ ነበር። ከዚያ ይሄን ምስኪን ሳየው ፈታሁት። አንተ ጨክነህብኝ አይደለም። ታመሃል ተገኔ።»

«አላመመኝም። አሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

«ይሻለኛል። የዘንድሮው ወረፋ ሲያልቅ...»

«አምናም እንዲህ ብለኸኛል። ደምሰውን ቀብሬአለሁ። አንተን ደግሞ እየበላህ እየጠጣህ ቁጭ ብዬ አልቀብርህም። ወይ ዛሬ የሚያክምህ ሰው ዘንድ አብረን እንሄዳለን፣ ወይ ያን ጓዝ መልሼ አስረዋለሁ። ምረጥ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ የቤቱን ቃል እመልስላት ነበር፤ ለጩኸት የሚሆን ቃል አለን። ለዚህ ግን አልነበረንም። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«አልቻልኩም» አልኩ። «አስካለ፣ ከቆየ ጀምሮ አልቻልኩም።»

መጀመሪያ ያለቀሰው ቢሻው ነው። ከነድንጋዩ ትራሱ ላይ ተደፍቶ ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ። አስካለ አንድ እጇን እሱ ላይ፣ አንድ እጇን እኔ ላይ አድርጋ እስኪበርድለት ጠበቀችው።

እማማ በለጡ ደጃፋቸው ላይ ሦስታችንን ሲያዩን «ነገ ብቅ በል ያልኩህ መቼ ነበር?» አሉኝ፣ ከዚያ በላይ አልወቀሱኝም። ጣቶቼ ድንጋዩን እንደያዙ ደርቀው ስለነበር አንድ በአንድ በለጋ ቅቤ እያሹ ነው ያስለቀቁልኝ። አስካለና ቢሻው ድንጋዩን ከትከሻዬ ሲያነሱት ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ትከሻዬን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አትደንግጥ» አሉኝ እማማ። «የለመደውን ሸክም ያጣ ትከሻ መጀመሪያ ያመዋል። ትከሻውን እኔ አሸዋለሁ። የቀረው ግን በእኔ እሽት ብቻ አይሆንም። ከወንዙ ማዶ እንዳንተ ያለውን ሰው ቁጭ አድርጎ የሚሰማ ሐኪም አለ፤ እሱ ዘንድ ትመላለሳለህ። ከይቅርታ ቤት ደግሞ ትርቃለህ፣ ለጥቂት ቀን አይደለም።»

መራቁ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በይቅርታ ቤት የፈቃድ ቅጽ ላይ ሁለት ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ የአጥንት ስብራትና ሞት። በማግስቱ እማማ በለጡ ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውኝ አዛዡ ፊት ቀረቡ።

«የትኛው አጥንት ነው?» አለ አዛዡ ብዕሩን አንስቶ።

«አጥንቱ ደህና ነው። የተሰበረው ሰውየው ነው። ጻፈው።»

አዛዡ ቅጹን አገላብጦ እንዲህ ያለ መስመር ፈልጎ አጣ። ደንብ አክባሪ ነው፣ ግን ሰው ነው። ብዙ አሰበና «ሞት» በሚለው ፊት ምልክት አድርጎ፣ ከጎኑ «ለጊዜው፣ ሦስት ወር» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ባልደረቦቼ ጨርቅ ዘርግተው ለቅሶ ተቀመጡልኝ፤ እኔም ሄጄ አጽናናኋቸው። በሳምንቱ ቢሻው ለጊዜው ሞተ። ወሩ ሳያልቅ ለጊዜው የሞትን አሥራ አንድ ደርሰናል። አንድ ቀን እማማ በለጡ ትከሻዬን ሲያሹኝ አዛዡ በጓሮ በር ገባ። እኔን ሲያይ ደነገጠና ለአንድ ወዳጁ ሊጠይቅ እንደመጣ ነገረን። እማማ ወዳጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠየቁት። ጥያቄው ሳያልቅ ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ።

ወዲያው ዳንኩ ብዬ አላታልላችሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተኛሁ፤ ስነሳ ያው እንደተኛሁት ነበርኩ። በሦስተኛው በትንሹም በትልቁም እቆጣ ነበር፤ ሰነፍ የሆንኩ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ እስከ ይቅርታ ቤት በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከወንዝ ማዶ ያለው ሐኪም በየማክሰኞው ያስወራኛል። መጀመሪያ ላይ የቤቱን ቃል ነበር የምደግምለት፤ እሱ ሳይሰለች «እሺ፣ አንተስ?» ይለኛል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበታል አልኩ። አስካለ እጇን አቁማ አየችኝና ሳቀች፤ ጨው ይብዛበት ይነስበት ካልኩ ዓመት አልፎኝ ነበር ለካ።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ነው። ረፋድ ነበር፤ እኔና አስካለ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እሸት ባቄላ እንፈለፍላለን። ምንም የተለየ ነገር አልሆነም። ስለ ባቄላው እያወራን ነበር። እጄ ላይ ያለውን ቅርፊት ጥዬ ወደ እሷ ዞርኩ።

«አስካለ» አልኳት፣ «ደምሰው እኮ ሞተ።»

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ሞተ።»

ያኔ አለቀስኩ። ሰፈሩ እስኪሰማ፣ እንደ ትኩስ መርዶ፣ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ። ሰውየው ከሞተ አራተኛ ወሩን ይዟል። በእኛ አገር ከል የሚለበሰው ሦስት ወር ነው፤ አስካለም ሐዘኗን ጨርሳ፣ ጥቁሩን አጥባ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከትታው ነበር። ከምንጣፉ ተነስታ ወደ ቤት ስትገባ የዳነ ቁስሏን ነካሁባት ብዬ ሰጋሁ። ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ጥቁሩን መልሳ ለብሳ ወጣች፤ አጠገቤ ተቀመጠችና ከእኔ ጋር እንደገና ማልቀስ ጀመረች።